ጋሽ ታደለ የቀቡት ማሽን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ድረስ መብራት ጠፍቶ ሰው ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ምክንያቱን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባቴ መካኒሳ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ሃያ ዓመት በእጅ መላጊያ ሲሠራ ኖሮ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሥራውን ከተወ ሰው ላይ ያገለገለ ኮምባይን ገዛ። ኮምባይን የሚባለው መላግም፣ መሰንጠቅም፣ መብሳትም የሚችል ማሽን ነው። ይኼኛው ግን ሲመጣ የሚችለው መዛግ ብቻ ነበር።

እንዲያድሱት ጋሽ ታደለ ተጠሩ። ብረት የተባለን ሁሉ የሚጠግኑ ሰው ስለሆኑ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይላቸዋል። እኔ በኤሌክትሪካል ምህንድስና አምስት ዓመት ተምሬ ተመርቄአለሁ። ሰፈሩ «ሚሚ» ይለኛል። ሥራ እስካገኝ አባቴ ጋ ስልክ አነሳለሁ፣ ሰጋቱራ እጠርጋለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ በዚህ ተከራክሬ አላውቅም።

እድሳቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ኩሽኔታ መቀየሩ፣ ቢላ ማሳሉና ቺንጋ ማጥበቁ ሁለት ቀን ወሰደ። የቀረው ጊዜ ለቀለም ነበር። ጋሽ ታደለ ማሽኑን ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ቀቡት። ሞተሩ ወደየት መዞር እንዳለበት የሚያሳየው ቀስት እንኳን አልተረፈም። «ጋሽ ታደለ፣ እሱ እኮ...» ብዬ ጀምሬ ነበር።

«ሚሚዬ፣ ቀለም እንዳይነካሽ ፈቀቅ በይ» አሉኝ። ፈቀቅ አልኩ።

ማሽኑ የሚመረቀው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባቴ ዳቦና ለስላሳ ገዝቶ ጎረቤት ጠራ። አንድ ሽማግሌ «እንጀራ ይቆረስበት እንጂ ጣት አይቆረጥበት» ብለው መረቁ። አሜን አልን። አባቴ አስነስቶ አንድ ጣውላ ወደ መላጊያው ሰደደ። አልልግ አለ። ቢላው እንጨቱን እያሻሸ አጠቆረው፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

ወዲያው ገባኝ። ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ ከሚያመጡት ሦስት የፌዝ ገመዶች ሁለቱ ተቀያይረው ስለታሰሩ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። መላጊያው ላይ ከሆነ ጉዳቱ ለእንጨቱ ነው። ክብ መጋዙን የያዘው ብሎን ግን ማሽኑ በትክክል ሲዞር ይጠብቃል፣ ተገልብጦ ሲዞር ይላላል። መጋዙ ከወለቀ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው።

«አባባ፣ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው» አልኩ። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሽ ታደለ አልደነገጡም። ቆሞ የከረመ ማሽን እስኪለምድ እንደዚህ እንደሚያደርግ አስረዱና መጋዙ እንዲሞከር አዘዙ። አባቴ ጣውላ አንስቶ መጋዙ ላይ ጎንበስ አለ። እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ሊቀርጹ ተጠጉ።

መጮህ ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ግድግዳው ላይ ወዳለው የኃይል ማጥፊያ ብሬከር ሄጄ አወረድኩት።

ማሽኑ እያጉረመረመ ቆመ፣ አምፖሉም ጠፋ። «ይኸው፣ ሄደ» አለ አንዱ። ሁሉም ማማረር ጀመረ፤ ወደ ግድግዳው ያየ ግን አልነበረም። ጎረቤታችን ያለው ብየዳ ቤት ግን መብራት ሳይጠፋበት ብልጭታውን እየረጨ ይሠራል። ጋሽ ታደለ «የእነሱ መብራት በሌላ ፌዝ ነው» ብለው ገላገሉኝ። እስኪመጣ ሻይ እንጠጣ ተባብለው ወጡ።

ብቻዬን ስቀር ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጬ ሁለቱን ገመዶች አቀያየርኩ። ከዚያ መፍቻ ይዤ ወደ መጋዙ ሄድኩ። ብሎኑ ያለመፍቻ፣ በሁለት ጣቴ ዞረልኝ። በመፍቻው አጥብቄ አሰርኩት።

ሲመለሱ ብሬከሩን መለስኩ። «መጣ» ተባለ። ማሽኑ ላገ፣ ሰነጠቀ፣ ተጨበጨበ። ጋሽ ታደለ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «አላልኳችሁም? የፈለገው እረፍት ነው» አሉ። ዛሬ በሰፈራችን ሁለት የእንጨት ሥራ ቤቶች ማሽናቸው ሲያስቸግራቸው አጥፍተው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉታል።

ለአባቴ የነገርኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ስለ ብሎኑ ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ጣቶቹን አየ። ለምን ያኔ እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ።

«ነግሬህ ነበር። ጮክ ብዬ ብደግመውስ ትሰማኝ ነበር?»

አባቴ ውሸት አይወድም። «አልሰማሽም ነበር» አለ። ከዚያ ጋሽ ታደለ እንዳያፍሩ ነገሩ በእኛ መካከል እንዲቀር ለመነኝ።

አሁን ሳስበው በዚያ ቀን አልኮራም። ብሬከሩ ሌላ ክፍል ቢሆን ኖሮ፣ ጨዋ ልጅ እንደተባልኩ አባቴ ሲጎዳ ቆሜ አይ ነበር።

ባለፈው ወር ጋሽ ታደለ ቢላ ሊቀይሩ መጡ። ማሽኑን ከኃይል ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ አየሁ። «ጋሽ ታደለ፣ እጅዎን ያውጡ!» አልኩ። ከእኔ የወጣ ድምፅ አልመሰለኝም። እጃቸውን ስበው ገረመሙኝና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ ዘንድሮ ባለጌ ሆነችብህ።»

«አዎ» አለ አባቴ ሶኬቱን እየነቀለ፤ «ተመስገን ነው።»