የእህቴ ዓይነ ጥላ

ባለፈው እንጅባራ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ሾፌሩ መስታወቱ ላይ ያንጠለጠላት የእንጨት መቁጠሪያ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ቀጭ ቀጭ ትል ነበር። ጀርባዬን በረደኝ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ነገሩ የሆነው በልጅነታችን ነው፤ ያኔ እህቴ ዐሥረኛ ክፍል ናት፣ እኔ ታናሽ እህቷ ገና ስድስተኛ። ክፍሏን የምትመራ ልጅ ነበረች። እግዜር ለሷ የጻፈላት ሐኪምነት ነው ተብሎ በቤታችን አልቆ ነበር፤ ጎረቤት ሳይቀር የጥርሱን ሕመም ለሷ ይነግራታል። ታዲያላችሁ፣ የሞዴል ፈተና ደረሰና ወረቀቱን ስትቀበል ፊደሉ ጨለመባት። ድካም ነው ብለን ተውነው። በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። እናታችን ለብቻዬ ጠርታኝ፣ «ዓይነ ጥላ ነው፤ ዕድሏን ሊበላ የተቀመጠ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ብርድ ልብስ ስንተኛ ሌላ ሰው ያቀፍኩ ይመስለኝ ጀመር። እህቴን ፈራኋት።

ዋናው ፈተና ሳይደርስ ከዘንገና ሐይቅ አለፍ ብሎ ወዳለው ጠበል ወሰድናት። ጎህ ሲቀድ ነው። ዲከረንስ የሚባለውን ግራር የሚያከስሉ ገበሬዎች ጭስ ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይከረክራል። ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አጥማቂው ቄስ ጀርባዋን በመቁጠሪያ እየመቱ፣ «ተናገር! ምን ልታደርጋት መጣህ?» ሲሉ ከእህቴ አፍ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ ወጣ።

«ወንበሯ ላይ ልቀመጥ።»

እዚያ ደንብ አለ። መንፈስ ከመልቀቁ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል፣ ምሎም ነው የሚለቀው። ቄሱ ጠየቁት።

«ታናሿ ጋ» አለ።

ሰዉ ከአጠገቤ ሸሸ። እናታችን ነጠላዋን አለበሰችኝ፤ ከውስጥ ሆኜ የቄሱን መቁጠሪያ ቀጭታ እሰማለሁ። በቃሌ የማውቀው አባታችን ሆይ ከግማሹ ጠፋኝ። ቄሱ «ወደ ሰው አይደለም፣ ወደ ገደል! ማል!» ይሉታል። እሱ አይምልም። ከዚያ እህቴ በገዛ ድምፅዋ፣ በቀጭኑ፣ «ይብቃኝ አባ፣ ይተውት» አለች።

«ምኑን ነው የምተወው ልጄ?»

«እኔው ጋ ይቅር።»

ቄሱ «እሱ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ» ቢሏት፣ እናታችን እግሯ ላይ ወድቃ ብታለቅስ፣ ሁለተኛ ጠበል አልሄድም አለች። ዋናውን ፈተና ወደቀች። አሁን አዘና ገበያ ላይ ድንች ትነግዳለች። ሰዉ ሕመሙን ዛሬም ለሷ ነው የሚነግራት።

እኔ ነርስ ሆንኩ። የፈተና ጭንቀት የሚባል ነገር እንዳለ ተምሬያለሁ፣ ለሰውም አስረዳለሁ። ያንን ድምፅ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ፤ ማንም ቢስቅብኝ ይሳቅ።

ኮሌጅ እያለሁ በየፈተናዬ ማግስት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ወጥታ ትደውልልኝ ነበር። የመጨረሻውን ፈተና የጨረስኩ ጊዜም ደወለች።

«ፊደሉ አልጨለመብሽም?»

«ኧረ አልጨለመም፣ እታለም።»

ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ተመስገን» አለች። «እንግዲያው እኔው ጋ ነው።»