በረዶው ላይ ወንድሜን ሆኜ

ሞተር ሳይክል መንዳት የተማርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ፣ የሞተ ሰው ልብስ ለብሼ ነው። ሟቹ ታናሽ ወንድሜ ነው። ነገሩን ለሰው ስጀምርለት መጀመሪያ ይስቃል። አልፈርድበትም፤ የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ወንድሜ ያረፈው በነሐሴ ነው። በሞተሩ ከሥራ ሲመለስ ይዘንብ ነበር፣ አውራ ጎዳናው ላይ አንድ የጭነት መኪና መስመር ሲቀይር አላየውም። በሦስተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እዚሁ ቶሮንቶ ቀበርነው። የእኛ ሃይማኖት ቀብር ማዘግየትን አይወድም፣ አስከሬን ከአገር አገር ማመላለስንም እንደዚያው። እናቴ ደሴ ናት። ልጇ አፈር ሲለብስ እሷ ምናልባት ኢሻዋን ሰግዳ ልትተኛ ነበር። በማግስቱም አልነገርናትም፣ በሳምንቱም አልነገርናትም።

ይህን የወሰኑት አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እዚሁ ፓርክዴል ሰፈር ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ በቤተሰባችን የመጨረሻው ቃል የእሳቸው የሆነ። ከቀብር መልስ ገና ሶፋው ላይ ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት።

«ልቧን ታውቂያለሽ። ኦፕሬሽኗ ለጥቅምት ቡክ ተደርጓል። አሁን ብንነግራት ካንሰል ነው፣ እሷንም እንቀብራለን።»

«እስከዚያ ምን ልበላት ታዲያ?»

«ኖርዝ ሄዶ ማይኒንግ ካምፕ፣ ማዕድን ቁፋሮ ገባ በያት። ሲግናል የለም በያት። ኦፕሬሽኑ ይለፍ እንጂ እኔ ራሴ ሄጄ አረዳታለሁ።»

«እርስዎ ይንገሯት እንግዲህ፣ ማይኒንግ መግባቱን» አልኳቸው ንዴቴ ገንፍሎ።

«አንቺን ነው የምታምነው» አሉኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በሯ ይንኳኳል፣ ስትጮህ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ይቀመጣል። ደግ ልማድ ነው፣ አልክድም። ግን ስድስት ወር ይቆያል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ሐኪሟ ውጭ አገር ሄደ ተባለ። ኅዳር ላይ አንድ መሣሪያ ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ ቀኑ በእንጥልጥል ቀረ፣ ለአንድ ወር ብዬ የጀመርኩት ውሸትም ቤት ሠርቶ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየደወልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወንድሜን አኖረው ነበር። ሲጋራ አቆመ ወይ? አቁሟል። ይሰግዳል? አንድም አያልፈው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፤ ከሞተ በኋላ ነው ያሳመርኩት። አንድ ቅዳሜ የምለው ሲያልቅብኝ ጉንፋን ይዞታል አልኳት። «ዝንጅብል በማር አፍልቶ ይጠጣ በይው» አለች። ስልኩን ዘግቼ ለአስቤዛ ወጣሁ፤ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ዝንጅብል እየመረጥኩ፣ ይሄ ጉንፋን ወደ ሳንባው እንዳይወርድበት ስጨነቅ ራሴን አገኘሁት። ዝንጅብሉን ጥዬ ወጣሁ። የዚያን ዕለት ራሴን ፈራሁት።

ከሁሉ የከፋው ግን ዱዓዋ ነበር። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ታደርግለታለች። ዕድሜውን አርዝምልኝ፣ ከክፉ ዓይን ጠብቅልኝ፣ የልጄን ልጅ አሳየኝ። ሟች ከእናቱ የሚጠብቀው ዱዓ ይሄ አይደለም፤ ማረው፣ ቀብሩን አስፋለት የምትለው እናት ነው የሚፈልገው። አፈር ውስጥ ላለ ልጅ ረጅም ዕድሜ ስትለምን እሰማለሁ፣ እኔም አሚን እላለሁ። ወንድሜን የዘረፍኩት ያህል ይሰማኝ ነበር።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ «ዘንድሮ በረዶው አልመጣም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቶሮንቶ ብርዱ ሲገባ ሰው ሁሉ ሞተሩን ሸፍኖ ያስቀምጣል፤ ወንድሜ ግን ያኔ ሌላ ሞተር ያወጣል። ቀለል ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ጎማው ዙሪያውን ብሎን የተተከለበት። ብሎኑ በረዶውን ነክሶ ይይዛል። እሱና ጓደኞቹ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነድተው፣ የረጋ ሐይቅ ላይ ክብ መንገድ ጠርገው ሲዞሩ ይውላሉ። «አንድ ቀን ነይና እዪኝ» ይለኝ ነበር። «ዕብድ ከዕብድ ጋር ይዙር» እለዋለሁ። አንድም ቀን አልሄድኩለትም።

ባለፈው ዓመት ሲነዳ የተቀረጸ ቪዲዮ ልኮላት ነበር። ፊቱ በሄልሜት ተሸፍኗል፤ አልፎ ሲሄድ ግራ እጁን ያነሳል፣ በቃ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየችው። ሐይቅ ማለት ሰው የሚበላ ውሃ ማለት በሆነበት አገር፣ ልጄ ሐይቅ ላይ ይነዳል ብላ ስትኮራ ከረመች።

«የዘንድሮውን ላኪልኝ» አለችኝ። «ፈቃድ ወጥቶ ነድቶ ይሆናል። ፊቱ ባይታይም ግድ የለም።»

እሺ አልኳት። ያን ጊዜ የለም ብላት ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የቀረ ቪዲዮ አልነበረኝም፤ ስልኩ ከሱ ጋር ደቅቋል። ሞተሩ ግን ሬክስዴል በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ የዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ልብሱ ከጎኑ ተሰቅሏል፣ ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ከነሐሴ ጀምሮ ያንን በር አልከፈትኩም ነበር። ከፍቼ ልብሱን ከትከሻዬ ጋር ለካሁት። ቁመታችን አንድ ነው፤ ልጆች ሆነን ከኋላ ያየን ሰው አንዳችንን በሌላችን ይጠራን ነበር።

ወንድሜን በረዶ ላይ ያስተማረው ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ ጋራዥ ያለው አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ነው። ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። የጨርቅ ጓንቱን አውልቆ ግንባሩን አሸ።

«የእኔ እናት ብትሆን እነግራት ነበር» አለኝ።

«አንተ የኛን ሰዎች አታውቅም።»

«እናት ግን አውቃለሁ።» ቢሆንም በሚቀጥለው እሑድ ሞተሩን መኪናው ላይ ጫነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ልብሱን እዚያው መኪናው ውስጥ ለበስኩ። ሻርፔን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ሄልሜቱን አጠለቅሁት። ሽታው እሱ ነበር። ላብ፣ የሚቀባው ቅባት፣ አቆመ ያልኩላት ሲጋራ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ካስወጣሁት ሽታው የሚያልቅ መሰለኝ። ከመኪናው ወርጄ በረዶው ላይ ስራመድ ሻይ ከበው የቆሙት ነጂዎች አንድ በአንድ ወደኔ ቀና አሉ። ቀብሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ኩባያውን በረዶው ላይ አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ሽማግሌው ቀድሞኝ ሄዶ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገራቸው፤ ኮፍያውን ያወለቀው ሰውዬ ግን መልሶ አላደረገውም።

ትምህርቱ ረጅም አልነበረም። ሽማግሌው ከሞተሩ ማጥፊያ ጋር የተያያዘ አንድ ገመድ የእጄ አንጓ ላይ አሰረልኝ፤ ብወድቅ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ብሎን የተተከለበት ጎማ ሰው ላይ እንዳይወጣ ነው። «ወደ ፊት ተጠግተሽ ተቀመጪ። ነዳጁን ቀስ ብለሽ ስጪው፣ ድንገት አትልቀቂው። የፊት ፍሬን የሚባል ነገር ዛሬ የለም። ዓይንሽን ከፊትሽ ሳይሆን መድረስ የምትፈልጊበት ቦታ ላይ አድርጊ።» ከእግሬ ሥር በረዶው ረጅም ድምፅ አሰማ፤ ከአንዱ ዳር ተነስቶ እስከ ሌላው የሚሄድ፣ ሰው ከታች ሆኖ የሚያቃስት የሚመስል። ደነገጥኩ። ወፍራም በረዶ ሲበርደው እንዲህ ይላል፣ ጠዋት በስተን ለክተነዋል አለኝ። አመንኩት፤ ግን ድምፁን ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው ዋልኩ።

ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። በአራተኛው ተነሳሁ፣ አሥር ሜትር እንኳ ሳልሄድ በጎኔ ወደቅሁ። ራሴን ሰደብኩ፣ ወንድሜን ሰደብኩ፣ አጎቴን ደግሞ በደንብ አድርጌ ሰደብኩ። ከሰዓት በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ክቡን መዞር ቻልኩ። ጠመዝማዛው ላይ ሰውነት ቀጥ በል ይላል፤ ሞተሩ ግን ወደ በረዶው ማዘንበል ይፈልጋል። እምቢ ስለው ወደ ውጭ ይገፋኛል። አንዴ ተውኩት፣ ራሱ አዘነበለ፣ ብሎኑ ሲነክስ በወገቤ ተሰማኝ፣ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምለው አላውቅም። ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ስለነበር ጥላዬ ከጎኔ በበረዶው ላይ ተዘርግቶ አብሮኝ ይሄዳል። ጥላው የሱ ነበር። ትከሻው፣ የራሱ አቀማመጥ፣ አጎንበስ ማለቱ። ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ እሱን አየሁ፤ ማየት አልነበረብኝም። ያን ጊዜ የሞትኩት እኔ፣ የሚነዳው እሱ ሆኖ ተሰማኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ብርዱ ጣቶቼን ቢያደነዝዝብኝም ማቆም አልፈለግሁም። ሽማግሌው ቪዲዮ እየቀረጸ ከቆመበት ሳልፍ ግራ እጄን አነሳሁ። ማንሳቴን ያወቅሁት እጄን መሪው ላይ ስመልስ ነው።

አርባ ሴኮንድ የሚሆን ቪዲዮ ነው። እዚያው ሐይቁ ዳር ቆሜ፣ ሄልሜቱን ብቻ አውልቄ፣ ለእናቴ ላክሁት። «ልጅሽ ይኸውልሽ» ብዬ ጻፍኩበት።

ደሴ እኩለ ሌሊት ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ስልኬ ጠራ። እናቴ ደውላልኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ።

«አየሽው?» አልኳት።

«አየሁት።»

«ደህና ነው አይደል? ትንሽ ወፍሯል እንኳ፣ የካምፑ ምግብ ተስማምቶታል መሰለኝ…»

«ልጄ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «የወለድኩትን መለየት ያቅተኛል?»

ሽማግሌው ከሩቅ አየኝና ሥራ እንዳለው ሰው ፊቱን አዞረ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም። ከመስከረም ወዲህ ጎረቤቱ ቤቴ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያ ልጅ እንዴት ነው ብሎ ሳይጠይቀኝ የማያልፍ ሰፈር፣ አንድም ሰው መጠየቅ ተወ። እኔ ስሙን ሳነሳ ሰው ሁሉ ሻይ ያማስላል።»

«ታዲያ ቪዲዮ ላኪልኝ ያልሽው ለምንድን ነው?»

«የለም እንድትዪኝ ነዋ» አለች። «ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ሁላችሁም ልቧን ብላችሁ ዝም አላችሁ፣ እኔም እናንተን ብዬ ዝም አልኩ። ብቻዬን በር ዘግቼ አላለቀስኩ መሰለሽ? አሁን ከአንቺ አፍ ልስማው።»

ነገርኳት። ዝናቡን፣ መኪናውን፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደሰገደበት፣ ከየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደተኛ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኔ በስልክ፣ በሱ ልብስ፣ በረዶ ላይ ቆሜ ነገርኩ። ከጎኗ የሚይዛት አልነበረም፣ ከጎኔ የሚይዘኝም አልነበረም። የዛፉ ነገር ላይ ስደርስ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፣ የሻይ ሰዎቹ ሁሉ ዞሩ። አላፈርኩም። ስድስት ወር ሙሉ ይሄን ጩኸት ነበር ስሸሽ የኖርኩት፤ ሲመጣ ግን የፈራሁትን ያህል አልገደለንም። የእናቴ ልብ ይመታ ነበር፤ በስልኩ ትንፋሿን እሰማለሁ።

ብዙ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገች።

«አሁንም እዚያ ነገር ላይ ነሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ወርጃለሁ እማዬ።»

«እንዳትመለሺበት። አንድ ነው የቀረኝ።»