እትዬ ዘይነባ ሞተሩን ያዳመጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ሀይሌ ጋርመንት ስትደርስ እንፋሎት መትፋት ጀመረችና ዳር ይዛ ቆመች። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ሳያጎነብስ አምስት ስድስት ወንዶች ከበቡት። አንዱ "ራዲያተር ነው" ይላል፤ ሌላው "የለም፣ ፖምፓው ነው" ይላል። ሁሉም ያውቃል። እኔ ደግሞ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ትዝ አሉኝና እዚያው መንገድ ዳር ብዙ ቆየሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔ የሃያ ዓመት ልጃገረድ። የምንኖረው መካኒሳ አቦ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ከሰሜን ጦር ግንባር ቀኝ እግሩን አጥቶ ተመልሶ፣ ሰው ሠራሽ እግር እንዲለካ ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጥቶት ነበር። አውቶቡስ ግን አልሳፈርም አለ። ክራንቹ ጭቃ ውስጥ መስመጡን ይችለዋል፤ እሱ ሲገባ ሰው ሁሉ ዝም ማለቱ ነበር የሚያመው። የቀረችን የአባታችን አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረች፤ አራት ሰው ከጫነች ጉልበትና አገጭ የሚገናኙባት ትንሽ መኪና።

እሷም በዚያው ወር ታመመች። በነሐሴ ብርድ፣ ሰማዩ እንደተከደነ፣ ሙቀቷ ሽቅብ ይወጣና ውኃዋ ይፈላል። ስትቆም ደግሞ ሞተሯ አንዴ ያጓራል፤ አንዴ ትንፋሽ ያጥረውና ሊጠፋ ይደርሳል። በቀጠሯችን ቀን ሳር ቤት ሳንደርስ አፈላች። ታደሰ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ መንገደኞች ገፍተው ዳር አወጡን። ቤት ስንመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ "እግሩም ይቅርብኝ" አለ።

ሆስፒታሉ ለሐሙስ ሌላ ቀጠሮ ሰጠን። ያም ካለፈ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ መቼ እንደሚደርሰን አይታወቅም ተባልን። አባባ መኪናዋን ሁለት ጋራዥ ወሰዳት። የመጀመሪያው ራዲያተሩን አጥቦ መለሰልን፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው፣ "ሞተሩ አልቆለታል፣ ይሽጡት" ብሎ አሰናበተን።

እትዬ ዘይነባ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ነበሩ። በሰማያዊ ቱታቸው ላይ ሻሻቸውን ሸብ አድርገው ሲያልፉ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለሱ አባባ መኪናዋን አስነስቶ ሲታገል ከአጥሩ ውጭ ሰምተው ገቡ። እናቴ የተጠበሰ በቆሎ ሰጠቻቸው። እሱን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ሞተሩ አዘነበሉ።

"ጋሼ፣ አያጥፉት። እስቲ ልስማው።"

አባባ ጨዋ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አላስቻለውም። "ዘይነባ፣ መኪና እኮ የስፌት ማሽን አይደለም።"

"እውነትዎን ነው፤ የኔ ማሽን አያፈላም" ብለው ሳቁ።

ከቤታቸው ሾጣጣ አፍ ያላት የዘይት ማጠጫቸውን አመጡና ውኃ ሞሉባት። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ዙሪያ ጠብ፣ ጠብ ማድረግ ጀመሩ። በአንደኛው ጎን በኩል ሲደርሱ ሞተሩ እንደ መታነቅ ብሎ ድምፁን ለወጠ። ደገሙት፤ እዚያው ቦታ ላይ ለወጠ። ሠለሱት።

"እዚህ ጋ ነው" አሉ። "ውኃ ከሳበ አየርም ይስባል። ቤንዚኑ በአየር ሲሳሳ ሞተሩ ይግላል፤ ቆሞ መርጋት ያቃተውም ለዚህ ነው። የፋብሪካችን ትንሹ ጀነሬተርም እንዲሁ አድርጎት ነበር።"

ሞተሩ እስኪበርድ በቆሏቸውን በሉ። ከዚያ ካርቡራተሩን ፈቱት፤ በመካከል ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተሰንጥቋል። አዲስ የት ይገኛል? ከጫማ ካርቶን ቆርጠው መጋጠሚያው ላይ ሲጫኑት የቅባቱ እድፍ ቅርጹን አተመበት። በጨርቅ መቀሳቸው ዙሪያውን ቆርጠው፣ ዘይት አጥግበው መልሰው አሰሩት።

መኪናዋ ስትነሳ ድምጿ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ እኩል ሆነ። ታደሰ ማንም ሳይጠራው በክራንቹ ወጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠና የሙቀት መለኪያውን ቀስት ሲያይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ።

"ቀስቱ ቆሟል" አለ በመጨረሻ። "አባባ፣ አልወጣም! ነገ እንሄዳለን።"

ሄድንም። ዳገቱን ሁሉ ሳታፈላ ወጣችው። ማታውኑ አባባ ባርኔጣውን አውልቆ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ ቆመና፣ "ተሳስቼ ነበር" አለ። ከአባባ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ታደሰ እግሩ ተሠርቶለት ያለ ክራንች የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው ወደ እሳቸው ቤት ነው። እሳቸውም ገና ከበሩ ሲገባ ጆሯቸውን ቀስረው፣ "ጉልበቱ ጋ ይጮኻል፤ ና ዘይት ላድርግልህ" አሉት። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል። ለቅሷቸው ላይ ደግ ነበሩ፣ ጎረቤት አክባሪ ነበሩ ተባለ፤ ልክ ነው። ስለ ዕውቀታቸው ግን አንድም ሰው አላነሳም። ያን ቀን ተነስቼ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሲበዛብኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ለዚህ ነው ዛሬ የጻፍኩት፦ እትዬ ዘይነባ ዐዋቂ ነበሩ።