አራቱ የእዝን ድስቶች

ፍቅርአዲስ ማማሰያውን እንደያዘች ድርቅ ብላ ቀረች። ከምድጃው ላይ በተጣደው ድስት ጆሮ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ቀለም አየች። ጎንበስ ብላ ሁለተኛውንም አየችው። እሱም ላይ አለ።

«እግዚኦ! እማማ፣ ምን ሠራሁሽ!» አለች።

ዕለቱ የአያቷ የየኔነሽ አርባ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመት ስለኖረች ሴት «አንቱ» እያሉ ማውራት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው። የኔነሽ ራሷ አንቱ ያላትን ሰው «ምን በድዬህ ነው?» ብላ ታፋጥጠው ነበር። ስለዚህ እዚህም የኔነሽ ትሁን፣ በቃ። ፍቅርአዲስ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ያደገችው በእሷ እጅ ነው። ከአዲስ አበባ ለቀብሩ መጥታ፣ ተዝካሯን ሳላወጣ አልሄድም ብላ ቀረች።

አንዲት የቀለም ፍንጣቂ ይህን ያህል ምን ታስደነግጣለች? ይህን ለማወቅ የየኔነሽን ነገር ከሥሩ መጀመር ነው።

የኔነሽ ድሬ የገባችው የሃያ ዓመት ሙሽራ ሆና፣ በባቡር ነው። ባሏ ሀብተ ማርያም የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። የባቡር ሰው አብዛኛው ከዚራ ሰፈር ሲኖር እነሱ ቤት ያገኙት መጋላ ሰፈር፣ ከመስጊድ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ውስጥ ነው። ሙሽራዪቱ መጀመሪያ ሰሞን ሙቀቱንም ሰዉንም ፈራች። አጥር የምትጋራት ፋዱማ የምትባል እኩያዋ ሶማሊ ነበረች። ቋንቋ ባይኖራቸውም በእጅ እየተጠቃቀሱ ይሳሳቁ ነበር።

በዚያው ዓመት የፋዱማ አማት ሞቱ። የኔነሽ በአገሯ ወግ እዝን መውሰድ አለብኝ ብላ ሁለት ዶሮ አሳርዳ፣ ወጥ ሠርታ፣ ድስቱን ተሸክማ ሄደች። አመስግነው ተቀበሏት። በማግስቱ ብትመለስ ድስቱ ክዳኑ እንኳ ሳይነሳ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የናቋት መሰላት። ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባሏ ከሥራ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቀባት።

«አንቺ ሴት፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም ይበላል? እኛስ የእነሱን እንበላለን?»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ላይ ትተወው ነበር። የኔነሽ ግን እልኸኛ ናት። ቀፊራ ገበያ ወርዳ አራት አዳዲስ ብረት ድስት ገዛች፤ በየጆሮአቸው ሥር አረንጓዴ ቀለም ቀባችና ፋዱማ ደጅ ላይ ደረደረቻቸው። ቋንቋ የሚችል ጎረቤት ጠርታም አስተረጎመች። «እነዚህ የናንተ ናቸው፤ ቤቴ ይቀመጣሉ። የናንተ ሰው ካረደው በቀር ሌላ ሥጋ አይገባባቸውም። ሐዘንም ደስታም ሲኖር ከእኔ ቤት ትበላላችሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የመጋላ ሐዘን ሁሉ የእሷ ሐዘን ሆነ። ሰው ሲሞት ድስቶቹን አውጥታ፣ ሥጋውን ከሙስሊም ሉካንዳ አስመጥታ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አፎሻ የሚባለው የሙስሊሞቹ ሴቶች መረዳጃ ማኅበር ክርስቲያን አባል ኖሮት አያውቅም፤ እሷ ግን ማንም ሳይጠይቃት፣ እሷም ማንንም ሳትጠይቅ ገባች። ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም እየሰባበረች ተናገረችው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ባጥለቀለቀበት ክረምት ቤት የፈረሰበትን ሁሉ ግቢዋ አስገብታ፣ እስላሙን ከአረንጓዴዎቹ፣ ክርስቲያኑን ከሌሎቹ ድስቶች ሳምንት ሙሉ አበላች። ፍቅርአዲስም ልጅ ሳለች የክርስቲያን ወጥ የነካ ማንኪያ አረንጓዴው ድስት ውስጥ ልትከት ስትል እጇ ላይ የቀመሰችውን ጥፊ እስከ ዛሬ አትረሳውም።

ታዲያ እንዴት ተሳሳተች? በትጋቷ ነዋ! ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ትናንት ዕቃ ቤት ገብታ ጥላሸት የለበሱ ስምንት ድስቶች አገኘች፤ አያቴን አላሰድብም ብላ በአሸዋና በሽቦ ፈትጋ እንደ መስታወት አበራቻቸው። ከጥላሸቱ ጋር ቀለሙንም አብራ ፈተገችው። ጠዋት የክርስቲያኑ በግ ሲታረድ እጇ ያገኘው ድስት ላይ ጣደችው።

አሁን ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው ዐብዲሐኪም ለሙስሊሞቹ ፍየል አርዶ ጨርሷል፤ ፋዱማ ሴቶቹን ይዛ ልትመጣ ነው። ወጡን ወደ ሌላ ድስት ገልብጦ እነዚህን ማጠብ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ግቢው ውስጥ ከእሷና ከአንዲት ድመት በቀር ማንም የለም። ቢታወቅ ግን የአያቷ ስልሳ ዓመት በአንድ ቀን አፈር ሊበላ ነው፤ ሴቶቹ አንዳንዶቹ ተዝካሩን ትተው ይሄዱ ይሆናል። ወጡን ገለበጠች። ውሃም አመጣች። ማጠብ ግን አልቻለችም፤ ቁጭ ብላ ድስቶቹን ስታይ ፋዱማ ከዘራዋን እየተመረኮዘች ገባች።

«እትዬ ፋዱማ፣ እርስዎን አንድ ነገር…»

ፋዱማ ወደ ኋላዋ ዞራ ፈለገች። «እርስዎ ማናት? ከእኔ ሌላ ሰው አለ? አዲስ አበባ አበላሸችሽ፣ ወላሂ!»

ፍቅርአዲስ ግን አልሳቀችም። ሁሉንም ዘርግፋ ነገረቻት። ፋዱማ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ከድስቶቹ አንዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ የተረፈውን ቀለም አየች።

«የኔነሽም አድርጋዋለች» አለች።

«እማማ? በፍጹም!»

«በሦስተኛው ዓመት፣ በፋሲካ። የባሏ ወንድም ከደጋ መጣ፤ አላወቀም፤ በጉን በዚህ ድስት ቀቀለው። ማንም አላየም። እሷ ግን ድስቱን ራሷ ላይ አድርጋ፣ በበዓል ቀን እያለቀሰች ደጄ መጣች። ‹ረክሶብኛል፣ እወቂው› አለችኝ።» ፋዱማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አባዮ፣ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እስከዚያ ቀን ድረስ እሷ ቤት ስበላ ሆዴ አይቀበልም ነበር። ‹እቤቴ በልቻለሁ› እያልኩ ሁለት ጉርሻ ቀምሼ እነሳለሁ። ቀለም ምን ያደርግልኛል? ቀለም ማንም ይቀባል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጠግቤ በላሁ።»

«አሁንስ ምን ይሻላል?»

«ድስት ይታጠባል። እኔ አሳጥበዋለሁ፤ በእነሱው ይሠራል። ለሴቶቹ ግን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ቀርቦ ከተበላ በኋላ አይደለም፤ በፊት።»

ሴቶቹ መጥተው ድስቶቹን በፈላ ውሃና በአመድ ደጋግመው አጠቡ፤ ፋዱማ አጠገባቸው ቆማ «እንደገና!» ትላለች። እነሱም በየኔነሽ አርባ ልትገድለን ነው እያሉ ያጉረመርማሉ። ምክንያቱን ያወቁት ቀትር ላይ፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ምግቡ ሊቀርብ ሲል ነው። ፍቅርአዲስ መሐል ቆመች።

«እናቶቼ፣ ሳትበሉ ስሙኝ። ዛሬ ጠዋት በአረንጓዴዎቹ ድስቶች የክርስቲያን ሥጋ ሠርቼባቸዋለሁ። አላወቅኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ታጥበዋል፤ ያያችሁት ነው። ምግባችሁ የተሠራው በእነሱ ነው። የማይበላ ሰው ቢኖር አልቀየምም። አያቴን ግን እንዳትቀየሙብኝ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ኡባህ ሄደ። ኡባህ ከአፎሻው ሁሉ ኃይለኛዋ ናት፤ ሰው ቤት ስትሄድ ያረደውን ሰው ስም ሦስት ጊዜ ሳትጠይቅ እጇን አትታጠብም። ኡባህ ፋዱማን አየች፤ ፋዱማ «አዎ» በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ልጅቷን አየቻት፣ ከእግር እስከ ራሷ። ቀጥሎም እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ታጠበችና «ቢስሚላሂ» ብላ ጎረሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ፍቅርአዲስ ዕንባዋን መግታት አቅቷት ወደ ጓዳ ልትሮጥ ስትል ከኋላዋ ድምፅ ጠራት። ኡባህ ናት፤ ባዶ ሳህኗን ወደ ላይ ዘርግታለች።

«የት ትሄጃለሽ አንቺ? ጨምሪልኝ እንጂ! በዚህ ቤት ሰስቶ ማቅረብ ከመቼ ወዲህ ነው?»