ብቻዬን የሠራሁት ቤት

ሰበታ ውስጥ ሕገ መንግሥቱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ማን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እኔ ነኝ። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ይኖራል፤ ይምሰለው። የወረዳው ጸሐፊ እንኳ መካከሉን እየዘለለ ነበር ያነበበው፤ ጠይቄው ተደናግሯል። እኔ የቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ወፍጮ ቤት ውስጥ በተሸካሚነት ስሠራ ነው። በየጆንያው ላይ የባለቤቱ ስም በከሰል ይጻፍ ነበር። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ስሙን አውቃለሁ። ስሙን ካወቅሁ ደግሞ የትኛው ምልክት የትኛው ድምፅ እንደሆነ መለየት ለእኔ ጭንቅላት ከባድ አልነበረም። አንድ ክረምት በቃኝ። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ያንኑ ጆንያ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው ከጆንያ በቀር ምንም አላዩበትም።

ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የታተመበትን ጋዜጣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ራሴ ነኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ጎረቤቶቼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጄ ካለው ሣር ላይ ይቀመጡና አነብላቸው ነበር። ንባቤ የሚንደረደር አልነበረም። እያንዳንዱን ቃል በወጉ አስቀምጥና ቀጥዬ በኦሮምኛ አስረዳ ነበር። አንድ ቀን፣ ማንም ሰው በሕግ ካልሆነ በቀር ነጻነቱንና ንብረቱን እንደማያጣ የሚናገረውን ክፍል አነበብሁላቸው።

«ስለ በሬ ይላል?» አለኝ ከታች በኩል የሚኖረው ጎረቤቴ።

«በሬ ንብረት ነው» አልሁት።

«እንግዲያው የባለርስቱ ወኪል አምና የነዳብኝ በሬ ይህን ሳይሰማ ነው የሄደው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሕግ በሚነበብበት ቦታ መሳቅ እንደማይገባ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህ ጎረቤቴ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። ሰው ሁሉ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ኦቦ እያለ ነበር የሚጠራው፤ እኔም እንደዚያው። ነገር ግን አብረን ስላደግን አንተ እንባባል ነበር። ለእኔ ከወንድም የሚለየው በእናት ብቻ ነው።

ቤቴ ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ከጅማ መንገድ በላይ ነበር። መሬቱ የባለርስት ነው። ባለርስቱ አዲስ አበባ ይኖራል፤ እኛ ጭሰኞቹ አርሰን ከምርቱ እናካፍላለን። ቤቱ የተሠራው ሚስት ባገባሁ ዓመት፣ እንደ አገሩ ልማድ በደቦ ነው። ሰው መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሌላ ቀን ደግሞ እሱ በተራው ለሌላው ይሄዳል። ምሰሶውን ኦቦ ነው ከወንዝ ማዶ፣ ከአማቹ እርሻ ቆርጦ በትከሻው ያመጣው። እኛ አፈሩን እስክንጠቀጥቅ ድረስ በደረቱ ደግፎ ይዞ አልተነቃነቀም። ግድግዳውን የመረገችው ሚስቴ ናት። ከበሩ በስተግራ፣ ጭቃው ላይ የጣቶቿ መስመር ደርቆ ቀርቶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም። እኔም ሌላ አላገባሁም። ንባብ ይዞት ነው ይሉ ነበር ሰዎቹ።

እንግዲህ ባለርስቱ ተዳፋቱን በሙሉ ባሕር ዛፍ ሊያስተክልበት ፈለገ። ወኪሉ ለማስለቀቅ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። የማነበው እኔ ነኝና፣ እኔ ከተነሣሁ ሌላው ድምፁን ሳያሰማ እንደሚነሣ ያውቃል። በዚህ እንኳ የሰው ልክ የሚያውቅ ሰው ነበር።

አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ያኔ ጭሰኛ የሚያስለቅቁት በሩን ነቅለው በመውሰድ ነበር፤ ጅብ በሚዞርበት አገር በር በሌለው ቤት ማን ያድራል? ሰዎቹ በሩን ከመቃኑ አላቀው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«በሕግ አምላክ!» አልሁ በታላቅ ድምፅ።

በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ቃሉን ጥሶ የሄደ ንጉሡን እንደ ደፈረ ይቆጠራል። ሁለቱም በሩን እንደተሸከሙ ቀጥ አሉ።

«ምን ይገትራችኋል? ሂዱ!» አላቸው ወኪሉ።

«እኛስ እንሄድ ነበር» አለው አንደኛው፤ «የተጠራውን አምላክ ምን እናድርገው?»

የሕግ አምላክ ከተጠራ ደግሞ ዳኛ ያስፈልጋል። በድሮው ልማድ መንገደኛ ዳኛ ሁነን ከተባለ እምቢ አይልም። ልማዱ በእኛ ጊዜ እየቀረ ነበር፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ወዲያው በታች በኩል አንድ ሽማግሌ እስላም ነጋዴ ሦስት አህዮች እየነዱ ወደ ተፍኪ ገበያ ሲያልፉ አየሁና ሮጬ ደረስሁባቸው።

«አባባ፣ ዳኛ ይሁኑን!»

«እኔ? እኔ እኮ በርበሬ ሻጭ ነኝ።»

«መንገደኛ ነዎት፤ ይበቃል።»

«ገበያው ያልፍብኛል፤ ደግሞስ አህዮቹን ማን ይዞልኝ?»

ጩኸቴን ሰምቶ የደረሰው ኦቦ አህዮቹን ያዘላቸው። ነጋዴው እያጉረመረሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔና ወኪሉ ነጠላችንን አደግድገን ከፊታቸው ቆምን። እኔ ከመንግሥት መሠረት ጀምሬ፣ ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭ፣ ዜጋ ምን መብት እንዳለው፣ የሰው መኖሪያ ያለ ሕግ እንደማይደፈር አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። ወረቀት አልያዝሁም።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ በልብህ ነው?» አሉኝ ነጋዴው።

«በልቤ ነው።»

«አላህ ይጨምርልህ። አሁን ዝም በል።» ወደ ወኪሉ ዞሩ። «አንተስ፣ የዳኛ ትእዛዝ ይዘሃል?»

«የጌታዬ ትእዛዝ አለኝ።»

«እኔንም ሚስቴ ታዘኛለች፤ የሰው በር ግን አልነቅልም። በሩ ይመለስ። ሁለታችሁም ወረዳ ፍርድ ቤት ሂዱ። አህዮቼን አምጡልኝ።»

በሩ ተመለሰ። ወኪሉ እየሄደ «እዚያ በርበሬ ሻጭ የለም!» ብሎ ዛተብኝ።

ወረዳ ፍርድ ቤት በቀረብንበት ቀን ጎረቤቶቼ በሙሉ ሥራቸውን ትተው መጡ። እኔ ከተሸነፍሁ እነሱም ቤታቸውን እንደሚለቁ ያውቃሉ። ባለርስቱ ከአዲስ አበባ ነገረ ፈጅ ልኮ ነበር። ኮት የለበሰ፣ ቃላት የሚያሳምር ሰው ነው፤ ከእኔ ግን አይበልጥም።

«ክቡር ዳኛ» አለ፤ «ቤቱን የሠሩት በደቦ የተሰበሰቡ የጌታዬ ጭሰኞች ናቸው። የጌታዬ ሰዎች በጌታዬ መሬት ላይ ያቆሙት ቤት የዚህ ሰው ንብረት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ወጥመዱን ያየሁት ግን ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ደቦ ነው ካልሁ ቤቱ የብዙ ሰው ጉልበት ነው፤ የጭሰኛው ጉልበት ደግሞ የባለርስቱ ነው ሊል ነው። ንብረት ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ባለቤትም አንድ ሰው መሆን አለበት።

«ቤቱን ብቻዬን ነው የሠራሁት» አልሁ።

ከኋላዬ አንድ ሰው አሳለ። ነገረ ፈጁ ፈገግ ብሎ ጎረቤቶቹ ይጠየቁልኝ አለ። ዳኛው ኦቦን አስጠሩት።

«ቤቱ ሲሠራ ነበርህ?»

«ነበርኩ ጌታዬ።»

«ማን ሠራው?»

ኦቦ የተመለከተው ዳኛውን ሳይሆን እኔን ነው። «ቤቱ የሱ ነው» አለ።

«ማን ሠራው ነው ያልሁህ።»

«ብቻዬን ሠራሁት አለ አይደለም ወይ? እሱ የተማረ ሰው ነው ጌታዬ። እሱ ካለ፣ እኛ እንግዲህ ቆመን ስናይ ነበር ማለት ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ሳይስቁ ለጸሐፊው «ጻፈው» አሉት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተጠርተው ኦቦ እንዳለው ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ተፈረደልኝ። ቤቱ ንብረቴ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት የቆረጠው ካሳ ሳይከፈለኝም ማንም እንደማያስለቅቀኝ ተነገረ። ባለርስቱ ለእኔ ካሳ ከፍሎ፣ ነገ ሌላው ጭሰኛ ሁሉ በእኔ ፍርድ ከሚከራከረው፣ ዛፉን ከሰበታ ወዲያ ባለው ሌላ መሬቱ መትከል መረጠ። ስለዚህ ተዳፋቱን ያተረፍሁት እኔ ነኝ። ያችን አንድ ቃል በሰዓቷ ባልናገር ኖሮ ዛሬ እዚያ ጭስ የሚጨስበት ቤት አይኖርም ነበር።

ስንመለስ ኦቦ ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር። ፈጥኜ ደረስሁበት።

«ኦቦ፣ አሸነፍን!»

«አሸነፍህ» አለኝ።

የነገረ ፈጁን ወጥመድ አስረዳሁት። ሕግ የሚጠይቀው ባለቤቱን እንጂ የረዳውን እንዳይደለ ነገርሁት።

«እሱስ ገብቶኛል» አለ።

«ታዲያ ምን ሆንህ?»

«እኛስ ይሁን። ያቺ ግድግዳውን የመረገችውስ? እሷም ቆማ ስታይ ነበር?»

ለዚህም መልስ ነበረኝ። ባልና ሚስት በሕግ ፊት እንዴት እንደሚታዩ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ነገር ግን ሳልጨርስ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ይህን መመስከር አለብኝ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «አከም ጅርተ?» ብለው ደኅንነቴን ይጠይቁኛል፤ «ነጋ»፣ ሰላም ነው እላለሁ፤ ያልፋሉ። እሑድ ግን ሣሩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። መጀመሪያ ዝናቡ ነው አልሁ። ዝናቡ ሲያባራ እርሻው ነው አልሁ። ጋዜጣውን ይዤ ደጄ ላይ ተቀምጬ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት በታችኛው መንገድ ዞረው ሲያልፉ ነጠላቸውን አይ ነበር። ጮክ ብዬ ባነብ የሚሰማ ርቀት ነው። አንዳንዴ አንብቤያለሁ።

ቀጥሎ በመጣው ዓመት የቤቱ ክዳን ሣሩ ረገፈ፤ ከክረምት በፊት መከደን ነበረበት። ደቦ ጠራሁ። ከከተማ ሴት ቀጥሬ ጠላ አስጠመቅሁ፣ ንፍሮ አስቀቀልሁ። የመጣ የለም። ሁሉም በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነበራቸው። የአንዱ ላም ወልዳለች፤ አንዱ ሱሉልታ ለቅሶ ሄዷል፤ አንዱ እግሩን ቆስሏል። ቁስሉን አሳይቶኛል። ጠላው ሆመጠጠ።

ክዳኑን እኔው ከደንሁት። አንድ ሰው ቤት ሲከድን፣ ወጥቶ ያስራል፣ ወርዶ ሣሩን ይሸከማል፣ እንደገና ይወጣል፤ ከታች የሚያቀብለው የለም። የከደንሁት ክዳን በዚያ አገር ከማንም ክዳን ይልቅ ረጅም ዘመን ሳያፈስ ቆይቷል፤ ማንም መጥቶ ባያየውም። ያን ክረምት ሕገ መንግሥቱን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ ንብረት ይላል፤ ስለ መኖሪያ ቤት ይላል፤ ስለ እምነት፣ ስለ ንግግር፣ የሰው ልጅ ወደ ፈለገበት ስለ መሄዱ ይላል። ስለ ጎረቤት የሚል ፈለግሁ። የዘለልሁት መስመር ይኖር እንደሆነ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ አልዘለልሁም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦቦ ለልጁ ጎጆ ሊያወጣለት ቤት አሠራ። የጠራኝ የለም። እኔ ግን ጠዋት መጥረቢያዬን ስዬ ወረድሁ። ተራዬ ነውና። አጥሩን ስገባ ሥራው ቆመ፤ ሁሉም ብድግ ብለው ተቀበሉኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ለጌታው በርጩማ አምጡ!»

አንድ ጎልማሳ መጥረቢያውን ከእጄ በሁለት እጁ ተቀበለኝና አጥሩ ላይ አስደገፈው።

«ወዲህ ስጠኝ፤ ሠርቼ ልሄድ ነው የመጣሁት» አልሁት።

«ኧረ አይሆንም! አንቱ የሕግ ሰው ነዎት፤ እጅዎ ለምን ይሻክር?»

የሳቀ የለም፤ ከልቡ ነው የተናገረው። ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ከጠላው የመጀመሪያውን ዋንጫ ለእኔ ሰጡኝ። እነሱ እየዘፈኑ ማገሩን ሲያስሩ ተቀምጬ አየሁ። በቀኝ በኩል አንዱ ማገር ዝቅ ብሎ ታስሮ ነበርና ነገርኋቸው። «እውነት ነው ጌታዬ» ብለው ወዲያው ፈትተው አስተካከሉት፤ አመሰገኑኝም። ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ምሳ ሲደርስ እነሱ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው፣ እየተጎራረሱ፣ እየተሰዳደቡ በሉ። ለእኔ ለብቻዬ በሰፌድ መጣልኝ፤ ከእነሱ ድርሻ ይልቅ ሥጋ የበዛበት ነበር። በላሁት።

ወደ ማታ ኦቦ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ። ሸብቶ ነበር። መጥረቢያዬን አንሥቶ ሰጠኝና ስለ መጡልን እግዜር ይስጥልን አለ። እሱም እንደ ሌሎቹ በአንቱ።

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አልሁት። «ምርጊቱን አግዛለሁ። ጭቃ መርገጥ አያቅተኝም።»

ወደ ኋላው ዞሮ ቤቱን አየ። ሴቶቹ የመጨረሻውን ጭቃ በግድግዳው ላይ እየለጠፉ ነበር።

«ነገ ምን አለ» አለኝ፤ «ዛሬ አለቀ እኮ።»

እውነቱን ነው። ያን ያህል ሰው የወጣለት ቤት በአንድ ቀን ያልቃል። መጥረቢያዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ዳገቱን ወጣሁ።