ከበረዶው በፊት የተሰናዳችው የኔቲ መኪና

በካናዳዋ ዱብራቫ መንደር ሰው የሚታማው በመኪናው ገመድ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ መኪና ሁሉ ከአፍንጫው በሚወጣ ገመድ ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር ይታሰራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ካላደረ ጠዋት አይነሳም። ገመዱ ከተሰካ ባለቤቱ ቤት ነው፤ ከተነቀለ ሊሄድ ነው። የማን ገመድ የማን ግድግዳ ላይ ተሰክቶ እንዳደረ... እሱን እንኳ ተዉት።

ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት የሆናት ኔቲ ፕሮኮፕቹክ ግን አትታማም። ከአማቷ ከእማማ ፓራስካ ጋር ትኖራለች። የአሮጊቷ የገዛ ሴት ልጅ እዚያው መንደር አለች፤ እናቷን ላለመውሰድ ስምንት ዓመት ሙሉ ወገቧን ያማታል። ኔቲ የምትሄድበት ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱም ሁለት መቶ እርምጃ። ዘንድሮ ባለ ጥርስ የበረዶ ጎማ ስታስገጥም፣ ቀጭን ዘይት ስታስሞላ፣ ራዲያተሩን በካርቶን ስትጋርድ፣ የኋላው ጎማ እንዳይንሸራተት ሁለት ከረጢት አሸዋ ስትጭን አሮጊቷ በመስኮት አንድ በአንድ አዩ።

«ለቅዳሴ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ብርዱ ይከፋል ሲሉ ሰምቼ ነው፣ እማማ።»

«አካፋ፣ ሻማ፣ ብርድ ልብስ! መንገድ ላይ ልታድሪ ነው እንዴ?»

ኔቲ የኋላውን ክዳን ዘጋች። ከአሸዋው ኋላ ሻንጣዋ ተደብቋል። ሳስካቱን ከተማ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ አግኝታለች፤ ሰኞ እስከ እኩለ ቀን ካልደረሰች ለሌላ ይሰጣል። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ጸጥ። ወርዳ ብታይ ማታ የሰካችው ገመድ ተነቅሎ በረዶ ላይ ተጋድሟል። ከደጃፉ እስከ ሶኬቱ የቤት ጫማ ዱካ፣ ከጎኑ የምርኩዝ ቀዳዳ። እማማ ፓራስካ እኮ ካልደገፏቸው ሽንት ቤት እንኳ አይደርሱም!

ጎረቤቷ ዋልተር ላሞቹን አልቦ ሲመለስ ቆመ። «አንቺ፣ አልሄድሽም? ቅድም ገመድሽ ተነቅሎ ሳይ ‹ጎሽ፣ ልታመልጥ ነው› ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምናለ ብታንኳኳ?»

«ሊሄድ የተነሳ ሰው በር ይንኳኳል?»

«በቃ፣ በመኪናህ አድርሰኝ።»

«ልጄ እንጨት ሊያመጣ ይዞት ወጣ። በትራክተር ካልሽ ለፋሲካ አደርስሻለሁ።»

ገመዱን መልሳ ሰካች። ዘይቱ እንደ ማር ረግቷል፤ እስኪለሰልስ አራት ሰዓት ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ጋ ደውላ እንደምታረፍድ ተናገረች። «እኩለ ቀን ብለናል፣ እመቤት» አለቻት ስልኩን ያነሳችው ሴት፣ በትሕትና።

ወደ ቤት ገባች። የአሮጊቷ የቤት ጫማ ምድጃው አጠገብ ተሰጥቶ ይደርቃል።

«ገመዱን ለምን ነቀሉት?»

«እሳት ይነሳል ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ። ሾርባ ላሙቅልሽ?»

ኔቲ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አውልቂው እንጂ፤ ኋላ ስትወጪ ይበርድሻል።»

«የት ልወጣ ነው፣ እማማ?»

አሮጊቷ ዳቦውን ቆረሱና ትልቁን ቁራሽ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።