መሬት ላይ የተቀመጠው ማራገቢያ

ዛሬ ጠዋት ጨለለቅቱ ከተማ፣ ብረት ከምቀጠቅጥበት ደጃፍ፣ አንድ ሰው ሊያሠራ ያመጣውን ዶማ መሬት ላይ ጣለልኝና ፈቀቅ አለ። የከሰሉን እሳት እያራገብኩ መሬት ላይ የወደቀውን ዶማ ሳይ የዲላ ገበያ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ እሳት የሚያናፋበት የፍየል ቆዳ ወናፍ ተቀደደና በእጅ የሚዞር አሮጌ የብረት ማራገቢያ ሊገዛ ዲላ ይዞኝ ወረደ። ቁራሌ ነጋዴው ዘንድ እጀታውን ሲያዞረው ዝገቱ ጮኸ፤ ነፋሱ ግን አቧራውን ፊቴ ላይ በተነው። በዋጋ ተስማሙ። ነጋዴው የቀጥቃጭ እጅ ላለመንካት ማራገቢያውን መሬት አስቀመጠለት።

አባቴ አልጎነበሰም። "በእጅህ ስጠኝ!" አለው።

"ልማድ ነው፣ አትቀየመኝ። አንሳው።"

"ወገብህ ላይ የሻጥከውን ገጀራ ማን የቀጠቀጠው ይመስልሃል? እሱን ስትታጠቅ እጃችን አላስጠላህም!"

ገበያተኛው ከበበን። እኔ አፍሬ፣ "አባዬ፣ እንሂድ" እያልኩ ኮቱን ጎተትኩ።

"ዛሬ እኔ ካነሳሁት ነገ አንተም ትጎነበሳለህ" አለኝ፣ እጁን እንደዘረጋ።

ነጋዴው በመጨረሻ ከመሬት አንስቶ፣ ፊቱን አዙሮ በእጁ ሰጠው።

የዚያ ማራገቢያ እጀታ ይኸው በእጄ ነው። ማዞሬን አቆምኩ።

"ምነው ቆምክ?" አለ ባለ ዶማው።

ዶማውን አንስቶ እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁለት። እሳቱ መክሰም ጀምሯል። ይክሰም!